ለቤት ውስጥ ባዮዲዝል የትኛው ካታሊስት? መጀመሪያ ዘይታችሁን ለኩ

ባዮዲዝል መሥራት ያማረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኮስቲክ ሶዳ ይሻላል ወይስ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ? ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን ከሱ በፊት የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ። ዘይታችሁ ውስጥ ምን ያህል አሲድ አለ? ይህን ሳያውቁ ካታሊስት፣ ማለትም ዘይቱ ወደ ነዳጅ እንዲለወጥ የሚያቻኩለውን ኬሚካል፣ መምረጥ እግር ሳይለኩ ጫማ እንደመግዛት ነው፤ ሊገጥም ይችላል፣ ብዙ ጊዜ ግን አይገጥምም።

እዚህ የምጽፈው ከአትክልት ዘይት፣ በተለይ ከተጠበሰበት ዘይት፣ ለናፍጣ ሞተር የሚሆን ነዳጅ ስትሠሩ ካታሊስቱን እንዴት እንደምትመርጡና እንደምትመዝኑ ነው። ምርጫችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሁሉ ስለሚነካ አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናልፈዋለን። ካታሊስቱ ብዙ ለውጥ የማያመጣበት ቦታ ላይ ግን አልቆምም።

ካታሊስቱ ምን ይሠራል?

የዘይት ሞለኪውል ማለት ሦስት የፋቲ አሲድ ጭራዎች ከአንድ ግሊሰሪን ጋር ተያይዘው ነው። ሜታኖል የሚባለው አልኮል ሲገባ ጭራዎቹ ከግሊሰሪኑ ተላቀው ከሜታኖሉ ጋር ይጣመራሉ። የተጣመረው ባዮዲዝል ነው። የቀረው ግሊሰሪን ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሜታኖልና ዘይት ብቻቸውን ቢተዉ ግን ይህን ለማድረግ ጭራሽ አይቸኩሉም። የሚያቻኩላቸው ካታሊስቱ ነው።

ሶዳው ወይም ፖታሺየሙ ሜታኖል ውስጥ ሲሟሟ ሜቶክሳይድ ይፈጠራል፤ ዘይቱን የሚሰብረው እሱ ነው። እስካሁን ጥሩ። ነገር ግን ብዙ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ በሙቀትና በውሃ ምክንያት ከግሊሰሪናቸው አስቀድመው የተላቀቁ ፋቲ አሲዶች አሉ። እነዚህ ነፃ አሲዶች ካታሊስቱን ቀድመው ይይዙትና ሳሙና ይሆናሉ። ስለዚህ ከምትጨምሩት ካታሊስት የተወሰነው አሲዱን ሲያጠፋ ያልቃል፤ ሥራውን የሚሠራው የተረፈው ነው። ካነሰ ዘይቱ በከፊል ዘይት ሆኖ ይቀራል። ከበዛ፣ በተለይ ውሃ ካለበት፣ ደህናውን ዘይት ጭምር ሳሙና ያደርገዋል። የባዮዲዝል ጣጣ በሙሉ፣ የማይለይ ግሊሰሪን በሉት፣ ሲታጠብ እርጎ የሚመስል ነገር በሉት፣ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ የሂሳብ ስህተት ነው።

ሥራ ሳትጀምሩ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ሜታኖል መርዝ ነው፤ ቢጠጣ ትንሹ እንኳን ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፤ በቆዳም በትንፋሽም ይገባል። ሲቃጠል ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። የሚፈላው በ64.7 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ ገና ሞቅ ሲል እንፋሎቱ ይበዛል። ስለዚህ ሥራው ከቤት ውጭ ወይም ነፋስ በደንብ በሚገባበት ቦታ ነው፤ ምድጃ፣ ሻማ፣ ሲጋራ፣ የእሳት ብልጭታ የሚያወጣ ሞተር አጠገቡ አይኑር። ወጥ ቤት ውስጥ አይሠራም። የወጥ ቤት ጁስ መፍጫም ለዚህ አይሆንም።

ካታሊስቶቹ ደግሞ ዓይንና ቆዳ ይበላሉ። ሜቶክሳይድ የባሰ ነው፤ ቆዳውን አደንዝዞ ሊያቃጥል ስለሚችል መቃጠላችሁን ዘግይታችሁ ታውቁታላችሁ። የዓይን መከላከያ መነጽር (ተራ መነጽር ሳይሆን ዙሪያውን የሚዘጋ)፣ ኬሚካል የሚችል ረጅም ጓንት፣ ሽርጥና የተዘጋ ጫማ አድርጉ። የሚፈስ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ከነካችሁ ወዲያው ብዙ ውሃ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ዓይን ከሆነ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም። ኮምጣጤ ፍለጋ ጊዜ አታባክኑ።

ዕቃን በተመለከተ አሉሚኒየምና ዚንክ የተለበጠ ብረት ከሶዳም ከፖታሺየምም ጋር ሲገናኙ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣሉ፣ ዕቃውም ይበላል። የማይዝግ ብረት ተጠቀሙ፤ ወይም ታችኛው ላይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ያለበትን ጠንካራ ፕላስቲክ። 1 ቁጥር ያለበት የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ሜቶክሳይድን አይችልም፤ እያደር ይፈርሳል።

ሁለቱን እጩዎች እንተዋወቃቸው

ኮስቲክ ሶዳ፣ በሙሉ ስሙ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ርካሽ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ ትንሽ ግራም ይበቃዋል። ለአዲስ ዘይት በሊትር 3.5 ግራም የተለመደው መነሻ ነው። ስትገዙ ግን ስሙን አጥሩት፤ የልብስ ሶዳም ሆነ የዳቦ ሶዳ ሌላ ነገር ናቸው፣ እዚህ አይሠሩም። የቱቦ መክፈቻ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ አሉሚኒየም ቁርጥራጭ የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ እነሱን አትንኩ።

ሶዳ ሜታኖል ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሟሟው። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ አንዳንዴ በየተወሰነ ጊዜ እያናወጡ ማሳደር ነው። ሌላው ባሕርይው ግሊሰሪኑ ላይ ይታያል፤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ወደ 38 ዲግሪ ሲወርድ መጠጠር ይጀምራል፣ ቧንቧችሁ ውስጥ ከጠጠረ ደግሞ እንኳን ሊወርድ በሽቦ ቢጎረጎርም እሺ አይልም።

ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ በተቃራኒው ቶሎ ይሟሟል፤ በአብዛኛው ጥቂት ደቂቃ ማናወጥ ይበቃዋል። ግሊሰሪኑ ቢቀዘቅዝም ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል፤ በማግስቱ ቧንቧውን ትከፍቱታላችሁ፣ ይወርዳል። የሚፈጠረው ሳሙናም ለስላሳና በውሃ ቶሎ የሚሟሟ ስለሆነ ማጠቡ ይቀላል። ጉዳቱ ብዙ ግራም መፈለጉ ነው። ሞለኪውሉ ከሶዳ በ1.4 እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ 3.5 ግራም ሶዳ የሚሠራውን ለመሥራት 4.9 ግራም ንጹሕ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ንጹሑ አይሸጥም፤ ገበያ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ 85 ወይም 90 በመቶ ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ። ማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር ሳታዩ አትመዝኑ።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ለሶዳ የተጻፈ መጠን ይዘው ፖታሺየም ይመዝናሉ፣ ከዚያ «ፖታሺየም አይሠራም» ይላሉ። ይሠራል። ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስለጨመሩ ነው እንጂ።

የኔ አስተያየት? ጀማሪ ከሆናችሁና የተጠበሰበት ዘይት ከያዛችሁ ፖታሺየሙን ግዙ። አዲስ ዘይት ካላችሁ፣ ወይም ግሊሰሪኑን ገና ሙቅ ሳለ ማውረድ የሚያስችል ዕቃ ካላችሁ ሶዳው ይበቃል፤ ነዳጁ ራሱ በደንብ ከተሠራና ከታጠበ ልዩነት የለውም።

አንደኛ ዘይቱን አድርቁ

ዘይቱን አጥልሉ። ከዚያ 60 ዲግሪ አካባቢ አሙቁና ሳይነካ አሳድሩት፤ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ከታች አውጡት። ለማረጋገጥ ጥቂት ጠብታ ሙቅ መጥበሻ ላይ ጣል አድርጉ። ከተንጣጣ ውሃ አለው። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ከካታሊስት ምርጫው እኩል ይመዝናል፤ ውሃ ባለበት ሶዳም ፖታሺየምም ወደ ሳሙና ነው የሚያደሉት።

ሁለተኛ አሲዱን ለኩ

ይህ ታይትሬሽን ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው የ10 ደቂቃ ነው። የሚያስፈልጋችሁ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ዲስቲልድ ውሃ፣ ፌኖልፍታሊን የሚባለው ቀለም ጠቋሚ፣ አንድ የ1 ሚሊ ሊትርና አንድ የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። ፌኖልፍታሊን ካጣችሁ እርድ በአልኮል ዘፍዝፋችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ከቢጫ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል።

መለኪያውን ፈሳሽ የምትሠሩት ነዳጁን በምትሠሩበት በዚያው ካታሊስት ነው። ይህ ወሳኝ ነው። 1 ግራም በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ይሟሟል። ሚዛናችሁ 1 ግራም በትክክል ካልመዘነ 10 ግራም በ1 ሊትር አሟሙ፣ ከዚያ 100 ሚሊ ሊትሩን ወስዳችሁ እስከ 1 ሊትር በውሃ ሙሉት፤ ያው ነው። ሁልጊዜ ካታሊስቱን ወደ ውሃው ነው እንጂ ውሃውን ወደ ካታሊስቱ አታፍስሱ።

ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር አልኮል አድርጉ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ጨምሩ። አልኮሉ ራሱ ትንሽ አሲድ ሊኖረው ስለሚችል መጀመሪያ ከመለኪያው ፈሳሽ አንድ ሁለት ጠብታ እየጨመራችሁ ፈዘዝ ያለ ሮዝ እስኪሆን አድርሱት፤ ይህ አይቆጠርም። አሁን በትክክል 1 ሚሊ ሊትር ዘይት ጨምሩ። ሮዙ ወዲያው ይጠፋል። ብርጭቆውን እያሽከረከራችሁ መለኪያውን ጠብ ጠብ አድርጉ። መጀመሪያ ጠብታው የወደቀበት ቦታ ብቻ ሮዝ ይልና ይጠፋል። ቀጥሎ ለመጥፋት እየዘገየ ይመጣል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ሙሉ ብርጭቆውን ሮዝ ታደርገዋለች፣ ለ20 ሴኮንድ ያህልም ይቆያል። እዚህ ቁሙ። ከሲሪንጁ ስንት ሚሊ ሊትር ወጣ? ቁጥሩን ጻፉት፤ ከዚህ በኋላ ንባብ የምለው እሱን ነው። ሦስት ጊዜ ደጋግሙና አማካዩን ውሰዱ፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ዘይቱን ሲለኩ ተሳስተዋል ማለት ነው፣ እንደገና።

ውበቱ ምን ላይ ነው፣ የወጣው ሚሊ ሊትር በቀጥታ አሲዱን ለማጥፋት በሊትር ዘይት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ግራም ነው። 2.4 ሚሊ ሊትር ከወጣ 2.4 ግራም።

ሦስተኛ ቁጥሩን አይታችሁ ወስኑ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሶዳ ለተሠራ መለኪያ ናቸው። በፖታሺየም ከለካችሁ ንባቡ ከፍ ይላል፤ የሶዳ 5 በ90 በመቶ ፖታሺየም ሲለካ ወደ 7.8 ይመጣል። ዘይቱ የባሰ ሆኖ አይደለም።

እስከ 2 ወይም 3 ከሆነ ዘይቱ ጥሩ ነው፤ የፈለጋችሁትን ካታሊስት ውሰዱ። ከ3 እስከ 5 ከሆነ አሁንም ይሠራል፣ ግን እኔ ፖታሺየሙን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ሳሙናው እየበዛ ነው። ምን ያህል? እያንዳንዷ 1 ሚሊ ሊትር ንባብ የዘይቱ 0.77 በመቶ ያህል ነፃ አሲድ ነው ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ በሶዳ ከጠፋ በሊትር 7.6 ግራም ሳሙና ይሰጣል። ንባቡ 5 የሆነ 20 ሊትር ዘይት ከሦስት ሩብ ኪሎ በላይ ሳሙና ይዞ ይመጣል። ያን ሁሉ አጥባችሁ ልታወጡት ነው።

ከ5 በላይ ሲሆን ብዙ ሰው የሚያደርገው ዝም ብሎ ካታሊስት መጨመር ነው። አትጨምሩ። ሂሳቡ ልክ ቢሆንም እንኳ ሳሙናው ባዮዲዝሉንና ግሊሰሪኑን አያይዞ አይለይ ይላል፣ የተለየውም ክፍል ብዙ ባዮዲዝል ይዞ ይሄዳል። ቀላሉ መፍትሔ ከተሻለ ዘይት ጋር መቀላቀል ነው፤ ንባቡ 8 የሆነውን ንባቡ 2 ከሆነው ጋር እኩል ብትቀላቅሉ 5 ይሆናል። የሚቀላቀል ዘይት ከሌላችሁ በአሲድ መጀመር ነው።

ሰልፈሪክ አሲድ መቼ ይገባል?

አሲድ ካታሊስት ነፃ ፋቲ አሲዱን ሳሙና አያደርገውም፤ ከሜታኖል ጋር አጣምሮ በቀጥታ ባዮዲዝል ያደርገዋል። ማለትም የሚጣለው ነገር ነዳጅ ይሆናል። እንዲያውም በባዮዲዝል ታሪክ መጀመሪያ ላይ የሚጠቀሰው የቤልጂየማዊው ሻቫን ፓተንት፣ እ.ኤ.አ. የ1937ቱ፣ የፓልም ዘይትን በአሲድ ካታሊስት ስለመለወጥ ነው። ታዲያ ለምን ሁሉንም በአሲድ አንሠራም? ምክንያቱም ራሱን ዘይቱን ለመስበር አሲድ በጣም ዘገምተኛ ነው። ሶዳ በሰዓት የሚጨርሰውን አሲድ ቀናት ይፈልግበታል። ስለዚህ አሲዱ ለነፃው አሲድ ብቻ፣ ከዚያ ሶዳ ወይም ፖታሺየም ለቀረው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የደረቀውን ዘይት 35 ዲግሪ አካባቢ አድርሱ፤ በሊትር 80 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ጨምራችሁ ለጥቂት ደቂቃ አማስሉ። ከዚያ በሊትር 1 ሚሊ ሊትር 95 በመቶ የሆነ ሰልፈሪክ አሲድ በጠብታ፣ እየማሰለ፣ ቀስ ብላችሁ። በዚያው ሙቀት አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሳይሞቅ ሌላ አንድ ሰዓት ይማሰል፤ ይደር። በማግስቱ በደንብ አማስሉና እንደገና ለኩ። አዲሱ ንባብ የተረፈውን ፋቲ አሲድም የጨመራችሁትን ሰልፈሪክም ደምሮ ነው የሚያሳየው፤ ከንባቡ ወደ 1.5 የሚሆነው (በሶዳ) የሰልፈሪኩ ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ዜሮ ባለመሆኑ አትደንግጡ። በቀጣዩ ደረጃ ሜታኖሉ በሊትር 120 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በሊትር ከሚያስፈልገው 200 ሚሊ ሊትር 80ው ገብቷልና።

ከማጓጓቱ በፊት ግን ልብ በሉ። የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ከሶዳም በላይ ቀልድ አያውቅም። ውሃ አይጨመርበትም፣ ከካታሊስቶቹ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፣ ከነሱ ጋር አንድ መደርደሪያ ላይም አይቀመጥም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው አልመክረውም። መጀመሪያ ደህና ዘይት ፈልጉ።

አራተኛ መዝኑ

ሂሳቡ፦ መነሻው ሲደመር ንባቡ፣ ሲባዛ በሊትሩ።

20 ሊትር ዘይት አለ እንበል፤ በሶዳ ሲለካ 2.4 ወጣ። 3.5 ሲደመር 2.4 ይሆናል 5.9፤ በ20 ሲባዛ 118 ግራም ሶዳ። አለቀ።

ያንኑ ዘይት 90 በመቶ በሆነ ፖታሺየም ብትለኩት ንባቡ 3.74 አካባቢ ይመጣል። መነሻው 4.9 ሲካፈል ለ0.90 ነው፣ ማለትም 5.44። ሲደመር 9.18፣ በ20 ሲባዛ 184 ግራም ገደማ። ንጽሕናው የሚካፈለው መነሻው ላይ ብቻ መሆኑን አስተውሉ፤ ንባቡ በዚያው ካታሊስት ስለተለካ ጉድለቱን ራሱ ይዞታል። ሁለቱን ለ0.90 ያካፈለ ሰው ትርፍ ጨምሮ ሳሙና ይሠራል።

ሁለቱም ካታሊስቶች ከአየር ውሃ ይጠጣሉ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይይዛሉ። ክዳኑን ከፍታችሁ መዝናችሁ ወዲያው ዝጉ። ተያይዞ የተጋገረ ወይም ነጭ ዱቄት የለበሰ ካታሊስት ከፊሉ ካርቦኔት ሆኗል፤ ክብደቱ አለ፣ ጉልበቱ ግን የለም።

አምስተኛ ሜቶክሳይዱን አዘጋጁ

ሜታኖሉ በሊትር ዘይት 200 ሚሊ ሊትር ነው። በንድፈ ሐሳብ 125 ያህል ይበቃ ነበር፤ ትርፉ ለውጡ ወደፊት እንዲሄድ ለመግፋት ነው። ሜታኖል ያሳነሰ ሰው ካታሊስት በመጨመር አይክሰውም፤ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው።

ካታሊስቱን ወደ ሜታኖሉ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ። ይሞቃል። ክዳኑን ዘግታችሁ አናውጡ፣ አስቀምጡና ግፊቱ እንዲወጣ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ክዳኑን ላላ አድርጉ፤ ድገሙት። ፖታሺየም ከሆነ ቶሎ ይጠፋል። ሶዳ ከሆነ ታች የተኛ ፍሬ መኖር አለመኖሩን ደጋግማችሁ እዩ። ያልሟሟ ፍሬ ወደ ዘይቱ ከገባ ሂሳባችሁ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ምክንያቱም ያ ፍሬ ታች ተቀምጦ ሳሙና ብቻ ነው የሚሠራው።

የተዘጋጀ ሶዲየም ሜቶክሳይድም ይሸጣል፤ አብዛኛው ትልልቅ ፋብሪካ የሚጠቀመው እሱን ነው። ጥቅሙ ውሃ አለማምጣቱ ነው። ሶዳ ሜታኖል ውስጥ ሲሟሟ ትንሽ ውሃ ይፈጥራል፣ የተዘጋጀው ግን አይፈጥርም። ለቤት ሥራ ግን ለማጓጓዝም ለማስቀመጥም ከባድ ነው፤ ልዩነቱም ያን ያህል አያዋጣም።

ስድስተኛ ቀላቅሉ፣ አስቀምጡ

መጀመሪያ በ1 ሊትር ሞክሩ። ሁልጊዜ። አዲስ ዘይት ወይም አዲስ የካታሊስት ከረጢት በመጣ ቁጥር።

ዘይቱ 55 ዲግሪ ይሁን፣ ማሞቂያው ይጥፋ፣ ሜቶክሳይዱ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ለአንድ ሰዓት ይማሰል። በተዘጋ ግን መተንፈሻው ወደ ውጭ በሚወጣ ዕቃ። ከዚያ ማማሰሉን አቁሙ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ጥቁር ቡናማ ነገር ወደ ታች መውረድ ሲጀምር ታያላችሁ። ሶዳ ከሆነ ሳይቀዘቅዝ፣ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ግሊሰሪኑን አውርዱት። ፖታሺየም ከሆነ አሳድሩት።

ንባቡ ከፍ ላለ ዘይት የምወደው ዘዴ ለሁለት መክፈል ነው። ከሜቶክሳይዱ 80 በመቶውን ጨምራችሁ ታማስላላችሁ፣ ግሊሰሪኑን ታወርዳላችሁ፣ ዘይቱን እንደገና አሙቃችሁ በ20 በመቶው ትደግማላችሁ። ግሊሰሪኑ መውጣቱ ራሱ የቀረው ዘይት እንዲለወጥ ይረዳል። ካታሊስት ሳይጨመር ለውጡ የተሻለ ይሆናል።

ሰባተኛ መሥራቱን አረጋግጡ

3 ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት፣ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ አናውጡ። ባዮዲዝል ሜታኖል ውስጥ ይሟሟል፤ ያልተለወጠ ዘይት አይሟሟም። ጥርት ካለ ደህና ነው። ታች የዘይት ጠብታ ከተኛ አልጨረሰም፤ ወይ ካታሊስቱ አንሷል፣ ወይ ውሃ ነበረ፣ ወይ ሜታኖሉ አንሷል። ከመታጠቡ በፊት መልሱና እንደ ሁለተኛው ዙር ሥሩት። ያልተለወጠ ዘይት በማጠብ አይወጣም።

ስምንተኛ እጠቡት

ያልታጠበ ባዮዲዝል ውስጥ ሳሙና፣ ሜታኖልና የተረፈ ካታሊስት አለ። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 14214 ሶዲየምና ፖታሺየም ሁለቱ ተደምረው በኪሎ ግራም ከ5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጡ ይላል፤ ይህ ኢምንት ነው። ትርፉ ማጣሪያ ይዘጋል፣ ሲቃጠልም አመድ ሆኖ ኢንጀክተር ላይ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው እጥበት ላይ አትበርቱበት። ለብ ያለ ውሃ ከላይ እንደ ካፊያ እያረፈ በራሱ ወደ ታች ይውረድ፤ ሳሙናው በዝቶ ሳለ ካናወጣችሁት ይረጋባችኋል። የሚወጣው ውሃ ከወተትማነት ወደ ጥርት እያለ ሲመጣ ኃይል መጨመር ይቻላል። ፈተናው ቀላል ነው። እኩል ባዮዲዝልና ውሃ በጠርሙስ ለ10 ሴኮንድ አናውጡ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለቱ ከተለዩና ውሃው ጥርት ካለ ታጥቧል። መሐላቸው ነጭ አረፋ የመሰለ ንብርብር ከቆመ ሳሙና ይቀራል። በሶዳ የተሠራው እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ዙር ይጨምራል። በመጨረሻ ሞቅ አድርጋችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ አሽከርክሩት፤ ከኋላው የተቀመጠ ጽሑፍ እስኪነበብ ሲጠራ ደርቋል።

ስለሌሎቹ በአጭሩ

ካልሲየም ኦክሳይድ፣ ከእንቁላል ቅርፊት ሳይቀር በ900 ዲግሪ አካባቢ ተቃጥሎ የሚገኘው፣ በምርምር ጽሑፎች ላይ ያምራል። ዘይቱ ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚህ አጥልሎ ደግሞ መጠቀም ይቻላል ይባላል። በተግባር ግን ቀርፋፋ ነው፣ አየር ሲነካው ይደክማል፣ ካልሲየሙም ቀስ በቀስ ወደ ነዳጁ ይወጣል። ኢንዛይም፣ ላይፔዝ የሚባለው፣ ሳሙና አይሠራም፣ ውሃ አይፈራም፣ አሲድ የበዛበት ዘይትም ይቀበላል፤ ግን አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል፣ ዋጋውም የሚያዋጣው ደጋግሞ ለሚጠቀምበት ነው። ሜታኖልን በኢታኖል ለመተካት ለምታስቡ ደግሞ፣ ፖታሺየም ከሶዳ ይልቅ ኢታኖል ውስጥ በደንብ ይሟሟል፤ ኢታኖሉ ግን ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት፣ ያኔም ግሊሰሪኑ በቀላሉ አይለይም። በሜታኖል ሳትካኑ አትሞክሩት።

የቀረው ግሊሰሪን

ግሊሰሪኑ ውስጥ ብዙ ሜታኖልና አብዛኛው የተረፈ ካታሊስት ስላለ በተከፈተ እሳት አይሞቅም፣ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃም አይደፋም። እዚህም ምርጫችሁ ለውጥ ያመጣል። የፖታሺየሙ ግሊሰሪን ሜታኖሉ ከወጣለት በኋላ በፎስፈሪክ አሲድ ሲመታ ፖታሺየም ፎስፌት ሆኖ ይዘቅጣል፤ እሱ ማዳበሪያ ነው። ከሶዳ የሚወጣው የሶዲየም ጨው ግን ለአፈር አይጠቅምም፤ ስለዚህ የሶዳው ግሊሰሪን ሜታኖሉ ወጥቶለት ለሳሙና ይውላል። አትክልት ቦታ ላይ አትድፉት።